በስጦታ ስም ስለሄደው የአጎቴ ወንበር

ለአገራዊ የኢኮኖሚ ትንበያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ጋቦሮኔ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደሚተነብዩልን ኢኮኖሚ ሳይሆን እንደ ደመወዝዎ የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ቆመው እንኳ ሞተራቸው የማይጠፋው መኪኖችዎም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ባቱሲ ራሞስዌው እባላለሁ፤ በዋና ከተማችን በጋቦሮኔ አልማዝ ሲቀርጹ ኖረው ፋብሪካቸው «ለጊዜው» ከተዘጋባቸው ሴቶች አንዷ ነኝ።

ባለፈው ወር የአገሪቱን ብሩህ ተስፋ ሊያበሥሩን እስከ መንደራችን ሌሮጃኔ ድረስ ስለደከሙ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሸንጎው ሙሉ ነበር፤ እኔም ልሰማዎ ከከተማ መጥቼ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዳችን የየራሱን ወንበር ተሸክሞ መጥቷል። የእርስዎ ባለ ትራስ ወንበር ግን የአሸዋችንን ጠባይ አያውቅምና ከነክብርዎ መስመጥ ሲጀምር፣ አጎቴ ራ ኬሌቦኜ ብድግ ብሎ የራሱን አጭር የጠፍር ወንበር አቀረበልዎ። «እንግዳ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ እንኩ ራ፣ ጌታዬ፣ ይረፉበት» አለዎ። እርስዎም ዐረፉበት። ያን ቀን ካስተማሩን ውስጥ ጥቂቱን ላስታውስዎ።

አንደኛ፣ የአልማዝ ገበያው ወደቀ ማለት ስሕተት እንደሆነና ትክክለኛው አጠራር «አሉታዊ እድገት» እንደሆነ አስረድተውናል። እግዜር ይስጥልን። ጎረቤታችን እማ ዲኔኦ ድርቁ ከብቶቿን ሲፈጅባት ድሮ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ግን የጠየቃትን ሁሉ «ደኅና ነኝ፣ አሉታዊ እርባታ ላይ ነኝ» ትለዋለች።

ሁለተኛ፣ አገራችን ባለ አንድ እግር ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ ያም እግር አልማዝ እንደሆነ፣ ፈረንጆቹም አሁን አልማዙን በቤተ ሙከራ እንደ ዳቦ እየጋገሩት እንደሆነ ነገሩን። ስለዚህ ፍየል አርብተን ሌሎቹን እግሮች እንድንተክል መከሩን። ፍየሎቹን ከየት እንደምናመጣቸው ብቻ በሚቀጥለው ትንበያዎ ቢያካትቱልን ደስታችን ሙሉ ይሆናል። ኢኮኖሚው በሚመጣው ዓመት ያገግማልም ብለዋል። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ብለው ስለነበር፣ ቃልዎን የማያጥፉ ሰው መሆንዎን መንደሩ መስክሮልዎታል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዕሬ ከበድ ይላታል። በእኛ ዘንድ ሸንጎ ላይ የተነገረ ቃል ሁሉ ያማረ ነው፣ ሁሉም ይደመጣል፤ እንግዳም የመጨረሻው ተናጋሪ ሳይቀመጥ አይነሣም። እርስዎ ግን የራስዎን እንደጨረሱ ሰዓትዎን አይተው ተነሡ። አጎቴ እጁን አንሥቶ ቆሞ ነበር። ጥያቄው ስለ ዓለም ገበያ አልነበረም። «የእህቴ ልጅ ፋብሪካው ይከፈታል ብላ ከተማ ቁጭ ብላለች። የቀረችኝን አንዲት ጊደር ሸጬ የቤት ኪራይዋን ልክፈልላት፣ ወይስ በቃሽ ልጄ፣ ወደ መንደርሽ ግቢ ልበላት?» ሊልዎ ነበር። መኪናዎ አቧራ አልብሶት ሄደ።

አቧራው ሲጠራ ወንበሩም የለም። ረዳቶችዎ በየመንደሩ ስጦታ መጫን ስለለመዱ፣ ሴቶቻችን ለእንግዳ ቀቅለው ከወቀጡት የበሬ ሥጋ ጋር እርሱንም ጫኑት። ከዚያማ በቴሌቪዥን ስለ ተስፋችን ሲያብራሩ ተቀምጠውበት አየንዎ፤ ከጎንዎም «የሌሮጃኔ ሕዝብ በምስጋና ያበረከተው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር። እማ ዲኔኦ «ኧረ እዩልኝ! መቀመጫውን ወስዶ ተስፋውን ለእኛ ተወልን!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

አጎቴ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ሸንጎ የሚመጣው ባዶ እጁን ነው፤ መጥቶም ይቆማል። ሸንጎ ላይ የሚቆመው ተናጋሪ ብቻ ስለሆነ የመንደራችን አለቃ «ራ ኬሌቦኜ፣ ኧረ ተቀመጥ!» ይሉታል። ሌሎች ወንበር ሲያቀርቡለትም አይቀበልም። «አልጨረስሁም እኮ። የምጠይቀው ሰው ገና አልሰማኝም» ይላል። ጉልበቱን ያመዋል፣ ክቡር ሆይ። ማታ እግሩን በሞቀ ውኃ ሳሽለት ንዴቴ አንገቴ ድረስ ይመጣል፤ ትሕትናዬም እዚህ ላይ ያልቅብኛል።

መልሱን ግን ሳይሰጡን አልሄዱም። የሚመልሰው ያለው ሰው ጥያቄ ሳይሰማ አይሮጥም። ስለዚህ ጊደሯ አልተሸጠችም፤ እኔም የከተማውን ቤት ለቅቄ ወደ መንደር ገባሁ፤ ይህን የምጽፍልዎ ከበረቷ አጠገብ ተቀምጬ ነው። እስካሁን አልወለደችም። በሚመጣው ዓመት ትወልዳለች ብዬ፣ ከእርስዎ በተማርሁት ጥበብ፣ እተነብያለሁ።

ወንበሩን ይመልሱልን አልልም። ይዘውት ይምጡና እዚሁ ሸንጎ ላይ ተቀምጠውበት፣ ያ ሽማግሌ ጠይቆ እስኪጨርስ ይስሙት። ከዚያ በኋላ እርሱም ይቀመጣል።

የብሩህ ተስፋዎ ተቋዳሽ፣ አቧራዎን ገና አራግፋ ያልጨረሰች፣ ጥልቅ አሉታዊ አክብሮቷን የምታቀርብልዎ፣

ባቱሲ ራሞስዌው
የቀድሞ አልማዝ ቀራጭ፣ ሌሮጃኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወንበሩ የኋላ ግራ እግር የተሰነጠቀ ነው። አጎቴ በጠፍር አስሮት፣ ወደ ቀኝ ዘንበል እያለ ሲቀመጥበት ኖሯል። «ሰውየው ወድቆ እንዳይሰበር፣ ከሁሉ በፊት ይህን ንገሪው» ብሎ አደራ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እስከ መጨረሻው የማዳመጥ ልማድ እንደሌለዎ ስለማውቅ፣ መጨረሻ ላይ ጻፍሁት።