የሊን ቤት ልጅ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 1967

ዛሬም ስም አላገኘሁም። ቻይናዊቷ ሐኪም ዶክተር ሊን እስከ ሰኞ ነው ጊዜ የሰጠችኝ። ሰኞ የእህል መኪናው ወደ ደሴ ሲመለስ የቻይና ስሜን ይዞ ይሄዳል። ካልያዘ ክረምቱ ይገባል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ትምህርቱም ለሌላ ሰው ይሆናል። እኔም መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ቁስል እያጠብኩ እቀራለሁ። ቁስል ማጠብ ነውር የለበትም፤ ድሬሰር ሆኜ የኖርኩት በሱ ነው። ግን ቻይኖቹ ሐኪሞች በቀጭን መርፌ ሕመም ሲያስታግሱ ካየሁ ወዲህ እጄ አርፎ አልተቀመጠም። ሁለት ዓመት አገራቸው ወስደው ሊያስተምሩኝ ነው።

ስም መቸገሬ ራሱ ያስቃል። በላይነሽን በፊደላችሁ ጽፈሽ ላኪልኝ አልኳት ዶክተር ሊንን። ጻፈችው፣ አነበበችው፣ ሳቀች። «ይሄ የሰው ስም አይመስልም፣ የፈረንጅ መድኃኒት ነው የሚመስለው» አለች። አስተማሪዎቹ ሲጠሩኝ ክፍሉ ሁሉ እየዞረ እንዳያየኝ የነሱን ሰው የሚመስል ስም ያስፈልገኛል አለች።

ድሮም ስም አጥቼ አላውቅም። አባቴ በላይነሽ አለኝ። ክርስትና ስሜ ወለተ ኪዳን ነው። ሳገባ ደግሞ አማቴ እማማ ዘውዴ፣ በአገራችን ሙሽራ አዲስ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላታልና፣ አለምነሽ አሉኝ። እቤት ውስጥ እስካሁን አለምነሽ ነኝ።

ለእማማ ዘውዴ ገና አልነገርኳቸውም። ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። ልጄን ብርቄን ከሳቸው ሌላ ለማን እተዋታለሁ? እናቴ ገና በልጅነቴ፣ አባቴ ደግሞ አምና በረሃቡ መሃል ተስቦ ገብቶ ሞቱብኝ። ባሌ አየለ ሁመራ ሠርቼ እህል አመጣለሁ ብሎ ከወጣ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ወሬው የለም። እማማ ዘውዴ እሺ ካላሉ ቻይና የሚባል አገር የለም ማለት ነው።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ስም ስናማርጥ ዋልን።

የጤና ጣቢያው ጸሐፊ ተስፋዬ «ቀይ ኮከብ በያት» አለ። ዶክተር ሊን እንዲህ ያሉ ስሞች ሰሞኑን ለሚወለዱ ሕፃናት ይወጣሉ፣ ለጎልማሳ ሴት ግን ትናንት የተለጠፈ ይመስላል አለች። እኔ ዕንቁ አልኩ። ፈረንጆች ሁሉ መጀመሪያ የሚመርጡት እሱን ነው አለች። አበባም አልኩ። አያቷ አበባ ነበሩ፤ ጎረቤታቸውም አበባ፣ የጎረቤታቸው እህትም። ተናድጄ ታዲያ ምን ዓይነት ስም ነው ጥሩ ስም አልኳት። ከሰው መሃል ገብቶ ማንም ልብ የማይለው ነው አለች። ይሄ አልገባኝም ነበር። እኛ ስም የምናወጣው እንዲታይ ነው።

እነሱ ዘንድ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። የአባቴ ስም መከተሉ ቀርቶ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ከፊቴ ሊቆም ነው። ዋንግ፣ ሊ፣ ቼን ብላ አቀረበችልኝ። ቼንን ያዝኩ፤ ለአፌ ቀለለኝ። ድምፁ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ቁስል እያጠብኩ ቼን፣ ቼን ስል አንድ ከወግዲ የመጡ ሽማግሌ እግራቸውን ከእጄ ነጥቀው «ምን እየደገምሽብኝ ነው ልጄ?» አሉኝ። ዶክተር ሊን ግን ከመጋረጃው ወዲያ ሆና አሁን ልክ ነው አለች። ደስ አለኝ።

ነገ ለእማማ ዘውዴ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ጊዜ የለም።

ሐሙስ

ነገርኳቸው። ባልነገርኳቸው ጥሩ ነበር።

ሩቅ ነው ይላሉ ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት በዛ ይላሉ ብዬ ነበር። ልጅሽን ጥለሽ ይላሉ ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱንም አላሉኝም። ፈትላቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። የስሙ ነገር ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ቼን የማን ቤት ነው?»

የማንም አይደለም፣ የቤተሰብ ስም ነው አልኩ።

«የየትኛው ቤተሰብ? አባትየው ማነው?»

ቼን የሚባል ሰው እዚያ አገር ስፍር ቁጥር የለውም አልኳቸው፤ ያረጋጋቸዋል ብዬ። እንዲያውም ባሰባቸው። «ታዲያ ስንቱ ነው የሚያገባሽ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ፣ ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሴት አዲስ ስም የሚወጣላት አዲስ ቤት ስትገባ ነው። እኔን አለምነሽ ብለው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ሌላ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣልኝ ነው፣ ያውም ከነቤተሰቡ። እንግዲህ ሌላ ባል አለ ማለት ነው። አይደለም ብዬ ማልኩ። በማርያም አልኩ። ፈትላቸውን መልሰው አነሡና «አየለ ሞቷል ብሎ የነገረሽ ሰው አለ?» አሉኝ።

የለም አልኩ።  ሁለታችንም እሱን በስሙ ጠርተነው አናውቅም ነበር፣ ከሄደ ወዲህ።

አርብ

ምን ዓይነት ቀን ነው። ረፋድ ላይ ቀና ስል እማማ ዘውዴ በጤና ጣቢያው በር እየገቡ ነው፤ ከኋላቸው የነፍስ አባታችን አባ ኃይሌና ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ እንደሚያደርገው ተራ በተራ ከግድግዳው ሥር ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው እንቢ አሉ። ዶክተር ሊን ምን ፈልገው ነው አለችኝ። በእንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ከእኔ በቀር የለም። መሬቱ ቢውጠኝ ደስታዬ ነበር።

አባ ኃይሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ይህችን ልጅ የሚወስዳት ቤት ማን እንደሆነ ልንጠይቅ ነው የመጣነው፤ ባሏ በሕይወት ያለ ሰው ነው» አሉ። ተረጎምኩ። የሚያገባኝ ማን እንደሆነ ራሴ ጠየቅኩ። ዶክተር ሊን ሳቀች፣ ሽማግሌዎቹን አየች፣ ሳቋን ተወችው። ስም ብቻ ነው በያቸው አለችኝ።

«ወላሂ» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ «ቤት የሌለው ስም እንዴት ያለ ነው? ሰው የሰው ቤት ስም የሚይዘው በሁለት በር ነው። ወይ ገብታ ሚስት ትሆናለች፣ ወይ ልጅ ትሆናለች።»

አባ ኃይሌ ይህን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላሉ። «እንግዲያው ሐኪሟ የጡት ልጅ ያድርጓት» አሉ። የጡት ልጅ ምን እንደሆነ ለዶክተሯ ማስረዳት ነበረብኝ፦ ጣትሽን ማር ነክረሽ ታጠቢኛለሽ፣ ሽማግሌ ያያል፣ ከዚያ ወዲያ እናቴ ነሽ፣ እስከ ሞት። እየነገርኳት ፊቴ ጋለ። ከእኔ ቢበዛ አሥር ዓመት ብትበልጥ ነው።

አይሆንም አለች። ዘመድ ለማፍራት አልመጣሁም፣ ደንብ አለብን፣ አለቃዬ አይፈቅድም አለች። ተረጎምኩ፤ እንደዚህ ያለ ነገር እየቆራረጡ መተርጎም እንዴት እንደሚያም። ሼህ እንድሪስ መውጣት ከጀመሩ በኋላ ዞር ብለው «አገራቸው ረሃብ ያውቃል ወይ በያቸው» አሉኝ። ተረጎምኩ።  ዶክተር ሊን መርፌዎቹን ወደ ዕቃቸው መመለስ ጀመረች።

ቅዳሜ

አስታራቂ የሌለው ጠብ ላይ ነኝ፣ ከሁሉም ጋር። በእማማ ዘውዴ ተናድጃለሁ። በዶክተር ሊን ተናድጃለሁ። ከሁሉ በላይ በአየለ። ወይ ሞቶ እንደሆነ ይታወቅልኝ፣ ወይ ይምጣ። ይህን መጻፌ ኃጢአት ከሆነ ይሁን።

መታጠብ የሌለበትን ፋሻ ሁሉ አጠብኩ። ለዘመቻ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ እጇ ተልጦ ልታሳክም ገብታ ወሬውን ሰምታለች። «ይሄ ያረጀ ልማድ ነው፣ የፈለግሽውን ስም ጽፈሽ ሂጂ፣ መሬት ለአራሹ ታውጆ አንቺ አማትሽን ታስፈቅጃለሽ?» አለችኝ። መሬቱ ሌላ፣ ልጄ ሌላ። ልጄን የሚያጎርሷት እማማ ዘውዴ ናቸው፤ አምና እህሉ ሲያልቅ ከራሳቸው ጉሮሮ ነጥለው ያበሏትም እሳቸው ናቸው። ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም። እጇን አሰርኩላት።

የሚያስቸግረኝ፦
ስሙን ጽፌ በድብቅ ብልክ ማን ይከለክለኛል? ማንም።
ከዚያስ? ብርቄን ለማን ሰጥቼ?
እናቴ ብትኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የምሄድበት የእናት ቤት ስለሌለኝ ነው ሁሉም ስለእኔ የሚመክረው።

ዶክተር ሊን ቀኑን ሙሉ ስታክም ዋለች። ወደ ማታ ግን በር ላይ ጠብቃኝ በሰባራ አማርኛዋ «ማር አለ?» አለችኝ።

እሁድ

ማሩን እማማ ዘውዴ ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ። በዚህ ድርቅ ንብ የት ተገኝቶ። ከቅዳሴ መልስ በጤና ጣቢያው ዕቃ ቤት፣ ከዱቄት ጆንያው መሃል ተሰበሰብን፤ ሽማግሌዎቹ፣ እማማ ዘውዴ፣ ዶክተር ሊንና እኔ። ዶክተር ሊን እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች። አባ ኃይሌ አይበቃም ወይ እስኪሉ ድረስ። አውራ ጣቷን ማር ነከረች፣ ጠባሁ። ጣቷ የሳሙና ጣዕም ነበረው። አባ ኃይሌ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎ ናት፤ ብትራብ የሚያበሏት፣ ብትሞት የሚያለቅሱላት እርስዎ ነዎት» አሉ። ተረጎምኩላት። ከእኔ አፍ ስትሰማው ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልጄ ናት» አለች በአማርኛ።

በዚህ መሃል አለቃዋ በሩን ከፈተ። እሷ በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ስትለው ራሱን ነቅንቆ ዘጋው። ምን አልሽው ስላት «የአገሬውን መድኃኒት እየቀመስን ነው አልኩት» አለችኝ።

ከዚያ ለሼህ እንድሪስ መልስ አለኝ አለች። «ረሃብ እናውቃለን በያቸው። ተማሪ ሳለሁ ነው።»  ሼሁም «አላህ አይመልሰው» አሉ።

እንግዲህ የቤተሰቤ ስም ሊን ሆነ። ቼን ቀረ። የራሴን ስም ለማውጣት ተራው የማን ነው ሲባል ሁሉም እማማ ዘውዴን አዩ። «ትመለሳለች በሏት» አሉ። ዶክተር ሊን አሰበች። እንዲያ ብሎ ልጁን የሚሰይም ሰው እኛ ዘንድ የለም፣ ሲጠሩሽ ሰው ሁሉ ይዞርብሻል አለች። ግን ኒየን የሚባል አለ አለች፤ የራቀን ሰው እያሰቡ መቆየት ማለት ነው፣ ብዙ ሴቶች አላቸው፣ ማንም ልብ አይለውም። ሊን ኒየን።

እማማ ዘውዴ «የሚያስበው ማነው፣ እሷ ናት ወይስ እኛ?» አሉ።

ዶክተር ሊን ስሙ ይህን አይለይም አለች።

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አሉ እማማ ዘውዴ። ዶክተሯን አገላብጠው ሳሟት፤ «አማቼ» አሏት።

ሰኞ

መኪናው ሄደ። ሾፌሩ ወረቀቱን ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። መልሱ ከደሴ መቼ እንደሚመጣ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ያሉት ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ የማውቀው ነገር የለም። ደመናው ከአባይ በኩል እየጠቆረ ነው። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ እኔ መንገዱን አስባለሁ።

እማማ ዘውዴ ግን ሌላ ሰው ሆነዋል። ዛሬ ውኃ ስንቀዳ ለጠየቋቸው ጎረቤቶች ሲመልሱ ሰማኋቸው፤ «አለምነሽ እናቷ ቤት ልትሄድ ነው» ይላሉ። እንደ ቀላል። ያገባች ሴት እናቷ ቤት ሄዳ ብትከርም ማን ምን ይላል? የጠየቁት ሁሉ ይሁን፣ ደግ አደረገች ብለው አለፉ። እኔ እናቴን በልጅነቴ ስለቀበርኩ ይህ አባባል ለእኔ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እንስራዬን ተሸክሜ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን እርምጃቸውን አዘገዩ። የሚያስቡትን አወቅኩት፣ እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበርና። እናቷ ቤት የከረመች ሴት ብቻዋን ተነሥታ አትመለስም። ባል ነው ሄዶ የሚያመጣት። ባል ሳይመጣ ከቀረ፣ እዚያው ቀረች ይባላል።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ እንስራዬን አወረዱልኝ። ይህን አድርገውልኝ አያውቁም።

«አየለ ካልመጣ እኔ ነኝ የምመጣው» አሉኝ። «ብርቄን አዝዬ እመጣለሁ። ከደሴ ወዲያ በእግር ምን ያህል ያስኬዳል?»

ብዙ ነው እማማ አልኳቸው። ባሕር እንዳለው አልነገርኳቸውም።

«ብዙም ቢሆን። ስደርስ ማንን ብዬ ልጠይቅ?»

ሊን ኒየን አልኳቸው። ሊንን ወደ ላይ፣ ኒየንን ወደ ታች።

አንድ ጊዜ ሞከሩት፣ አልሆነም። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።