ወባ ነው ያልነው የጎን ሕመም

ይርጋዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። የሙት ዓመትህን አውጥተን፣ የደጀን ዘመዶችህ ከተሸኙ በኋላ ነው ይህን የምጽፍልህ። አይሱዙህን አሁን ወንድምህ ይነዳታል። በደጅ ስታልፍ ድምፅዋን ስሰማ እስካሁን ብድግ እላለሁ።

ያኔ የአንጀትህ ካንሰር በቀዶ ጥገና ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ሐኪሙ ቀጠሮህን አራርቆልህ፣ እኛም የበሽታውን ስም ማንሳት ትተን ነበር። ከዓባይ በረሃ ተመልሰህ «ግራ ጎኔን ከበደኝ» ስትለኝ ምንም አልመሰለኝም። በረሃ ለሚመላለስ ሹፌር ጣፊያ ማበጥ ምን ብርቅ ነው? «ወባ ነው» አልኩህ። ደምህ ተመርምሮ ወባ የለም ተባለ። አንተ ግን ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ «ጠገብኩ» ማለት ጀመርክ። ሆስፒታል ይዤህ ሄድኩ።

ደብረ ማርቆስ በአልትራሳውንድ ያየችህ ሐኪም መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ አቁማ ደጋግማ ስታይ እጄን ጭምቅ አደረግከው። አዲስ አበባ ሄደን ቁርጡ ታወቀ፤ ያ የአንጀት ካንሰር ከስንት ዓመት በኋላ ጣፊያህ ላይ ወጥቷል። ሐኪሙ «እንዲህ ያለው እምብዛም አይገጥመንም» ቢል፣ አንተ «እኔን ፈልጎ ነዋ የመጣው» ብለህ ሳቅክ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ጣፊያህ ወጥቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ዳንክ ስንል ጉበትህ ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየህልኝም።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ሐኪሙ በዘር ሊመጣ ስለሚችል ልጃችሁም አንጀቱን ይመርመር ብሎን አልነበር? ዳዊት እምቢ አለኝ። «አባቴን የቀበርኩት ይበቃኛል፤ የራሴን መርዶ አልሰማም» አለ። ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ የንስሐ አባታችንን ላክሁበት። በስንት ጭቅጭቅ ባለፈው ሰሞን ለምርመራ ገባልኝ። ደጅ ላይ ተቀምጬ ጸሎት እንኳ ጠፋኝ። በሩ ሲከፈት ፊቱን ለማየት ፈርቼ ጫማውን አየሁ።

«እማ፣ አንጀቴ ላይ ትንሽ እባጭ አግኝተው እዚያው ቆርጠው አወጡት» አለኝ።

ውጤቱ እስኪመጣ እህል አልቀመስኩም ብል ይቀላል። መጣ፤ ካንሰር አይደለም። ግን ቢቆይ ሊለወጥ ይችል ነበር አሉን። ዳዊት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ አንተ ስትቀበር ያላነባውን እንባ እዚያው መንገድ ላይ አነባው። እኔም አቀፍኩት፤ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ቢነፋብንም አልተንቀሳቀስንም።

በየጊዜው መታየት አለበት ተብሏል። አንተን አልረሳህም፤ የልጅህንም ቀጠሮ አልረሳም።

ሚስትህ አስናቀች