መንገድ ላይ የተደፋው አተላ

ሼንዠን ላለኸው ልጄ ዩንታው፣ ሥራው እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ ዱባው ዘንድሮ አጥር ዘሎ ጎረቤት ገብቷል።

ሐኪሙ ለአባትህ ያዘዘለትን ሥራሥር ጠዋት ጠዋት እቀቅላለሁ። ትናንት አተላውን፣ አላፊ አግዳሚው ረግጦ በሽታውን ይዞት እንዲሄድ፣ መንገድ ላይ ስደፋ አባትህ ተከትሎኝ ወጣ። አርባ ዓመት መድኃኒት የሸጠ ሰው አይደል፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ሁሉ በየስሙ ጠራው፤ አንድም አልሳተ። ከዚያ ቀና አለና፣

«እትዬ፣ ቤትዎ የታመመው ማነው?» አለኝ።

«ባለቤቴ ነው።»

«አይዞዎት፣ በትኩሱ ያጠጡት።»

ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ኪስህ ውስጥ ቀረፋ ያዝ። ልጅ ሳለህ ከሱቁ መሳቢያ ትሰርቀው እንደነበር አሁንም ለመጣው ሁሉ ያወራል። «ይሄ ሌባ» ካለህ እንዳትቀየም፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ።

ብርዱን ተጠንቀቅ።

እናትህ