ሙዝ የከለከለኝ ክኒን

ሰኞ
ልቤ ዛሬም መምታቱን አቆመና ደንገጥ ብሎ ቀጠለ። ኩላሊቴ ከደከመ ቆይቷል፤ የደም ግፊት ክኒኑ ከተጨመረልኝ ወዲህ ግን ጉልበቴም ይከዳኛል። ለባለቤቴ ለዘነበች ነገርኳት። «መምህር፣ ልብህም እንደ ሰነፍ ተማሪ መቅረት ጀመረ?» ብላ ቀለደች። ወዲያው ግን ሁለት ሙዝ ልጣ ሰጠችኝ። ሙዝ ልብ ያበረታል ሲባል ሰምታለች። የጓሮውን ሙዝ የተከለችውም እኔ የታመምኩ ዓመት ነው።

ማክሰኞ
ዘነበች ምዕራብ ዓባያ እህቷ ዘንድ ዋለች። ብቻዬን በባጃጅ ሆስፒታል ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፤ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ወረቀቱን አየችና «ጋሼ፣ ሙዝ ይበላሉ?» አለችኝ።
«የምኖረው አርባ ምንጭ ነው» አልኳት።
ሳቀች። ሳቋ ብዙ አልቆየም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክኒኑ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዛል። የደከመ ኩላሊትም አያስወጣውም። ሙዝ ደግሞ ይጨምርበታል። ደም ውስጥ ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል፤ ሊያቆመውም ይችላል።
መርፌ ወጉኝ፣ እስክረጋጋ ለጥቂት ሰዓት አስተኙኝ፣ ክኒኑም ተቀየረ። ሙዝ ክልክል። የሽፈራው ቅጠልም ፖታሲየም አለበትና ለጊዜው ይቅር። አርብ ደሜ እንደገና ይታያል።
ዘነበች ማታ ስትመለስ ክኒን እንደተቀየረልኝ ብቻ ነገርኳት። ስለ ሙዙ አፌ እምቢ አለ።

ረቡዕ
ጾም ነው ብላ ለቁርስ ሦስት ሙዝ አቀረበች። «ፀሐይ ላይ ልብላ» ብዬ ወጣሁ። ለጎረቤት ፍየል ሰጠሁ፤ ከነልጣጩ ጨረሰችው። ልቤ ደህና ነው። ኅሊናዬ ግን አይደለም።

ሐሙስ
ፍየሏ በጠዋት በራችን ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ዘነበች አባረረቻት፤ ተመልሳ መጥታ የቁርሴን ሙዝ ከእጄ ነጠቀች።
«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች ዘነበች።
ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳት። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ስገድልህ ነው የከረምኩት?»
ጥፋቱ የሙዙ ብቻ እንዳልሆነ፣ ክኒኑና ኩላሊቴም እንዳሉበት ደጋግሜ አስረዳሁ። ሰማችኝ፤ አልተጽናናችም። «ፍየሏ ያወቀችውን እኔ ባውቅ ምን ነበረበት?» አለች። ምሳ አልበላችም።

አርብ
አብራኝ መጣች። ሐኪሟን የጠየቀችው እሷ ናት፤ እኔ ተቀምጬ ሰማሁ። ፖታሲየሙ ወርዷል፤ ገና ግን ልክ አልገባም። በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል።
ስንመለስ ሲቀላ ገበያ ወርዳ የጨንቻ ፖም ገዛች፤ እሱን ሐኪሟ ፈቅዳለች። ቤት ገብተን ቀጭን ቀጭን አድርጋ ቆራረጠችልኝ። ከዚያ መዳፏን ደረቴ ላይ አድርጋ ምቱን ቆጠረች።
«ተማሪህ ዛሬ አልቀረም» አለች በመጨረሻ።
እጇን ግን አላነሳችም።