ድምፄን ቀይሮ በሬዲዮ ላሰማልኝ የጥናት ተቋም

ለተከበሩ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ሁኔታ በታላቅ ትሕትና እየጠየቅኩ፣ ይህ ደብዳቤ ወገብዎን ሳያምዎት፣ እንቅልፍም ሳያጡ፣ ቤተሰብዎ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደተሰበሰበ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ሌላ የምለው ስለሌለኝ ነው።

ማን እንደሆንኩ ላያውቁ ይችላሉ፤ አለማወቅዎም የተቋምዎ ደንብ ነውና አልቀየምም። በሽተኛ በቤታቸው ስለሚያስታምሙ ሰዎች ባካሄዳችሁት ጥናት ውስጥ «አንዲት አስታማሚ» የተባልኩት ሴት ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሰፋውም እዚያው በምኖርበት ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ነው። ባለቤቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ለዓመታት አልጋ ላይ ሲቆይ፣ ያገላበጥነው፣ ያጠብነውና በማንኪያ ያጎረስነው እኔና እናቱ ነን። እሱ ካረፈ በኋላም አማቴ ከእኔው ጋር ቀሩ። እሳቸው «ልጄ»፣ እኔም «እማማ» እያልኳቸው፣ ስለ እሱ ብዙም ሳናነሳ እንኖር ነበር።

አንደኛ፣ ስለላካችሁልኝ ተመራማሪ አመሰግናለሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት። ያቀረብኩላትን ሻይ ሳትንቅ ጠጣች፣ መቅጃዋን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አኖረች፣ ሥራዬን እንዳልፈታ ብላም እየሰፋሁ እንዳወራት ፈቀደችልኝ። እማማ ያን ዕለት ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ቤቴን የረገጠው ጎረቤትና ዘመድ ሁሉ «እንዴት ቻልሽው?» ብሎኛል፤ «ምን ተሰማዎት?» ብሎ መልሱን ቁጭ ብሎ የጠበቀ ግን እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ነገርኳት። ባለቤቴ የሞተ ዕለት ምንም እንዳልተሰማኝ፣ ዓይኑን ከከደንኩለት በኋላ መጀመሪያ ያሰብኩት አንሶላውን አሁን ልዘፍዝፈው ወይስ ነገ የሚለውን እንደሆነ፣ በለቅሶው ላይ የጮኽኩትም እናቱ እያዩኝ ስለነበር እንደሆነ፣ እስከ ዛሬም ውስጤ ሲተኙበት እንዳደረ ክንድ ደንዝዞ እንደቀረ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ፤ መሐረብ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ስሜ እንደማይጠቀስ፣ ማንነቴም እንደማይታወቅ አስረድታኝ ፈርሜላት ሄደች።

ሁለተኛ፣ ጥናታችሁ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዳይለብስ ተጨንቃችሁ፣ ለሰፊው ሕዝብ በሬዲዮ እንዲደርስ ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቃል በገባችሁት መሠረት ድምፄንም ቀይራችሁታል። ጉንፋን የያዘው የበር ጠባቂ አስመስላችሁኛልና እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ አላወቅኩትም፤ «ምን ዓይነት ሰውዬ ነው?» ብዬ እየታዘብኩት ነበር። እማማ ከጎኔ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ የሰፋኋቸው ሸሚዞች ላይ ቁልፍ ይተክሉልኝ ነበር። በዚህ መሐል ያ ወፍራም ድምፅ «ምን ልበልሽ፣ የሞተ ዕለት ምንም አልተሰማኝም» አለ። እኔ፣ ክቡር ሆይ፣ በየሁለት ቃሉ «ምን ልበልሽ» የምል ሰው ነኝ፤ ይህን ሰፈሩም፣ ደንበኞቼም፣ ከሁሉም በላይ እማማ ያውቁታል።

ደንግጬ ንግግሩን ላፍነው ብዬ የመኪናዬን ፔዳል አጥብቄ ረገጥኩት። ፔዳሉ ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይላል። ያው ሲጥታ ከሬዲዮውም ይመጣ ነበር። ቆምኩ፤ የክፍሉ ቆመ፣ የሬዲዮው ቀጠለ። ድምፁም «በለቅሶው ላይ የጮኽኩት እናቱ እያዩኝ ስለነበር ነው» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ አንድ የተማሩ ሰው ተከትለው፣ ይህ ከፍተኛ የመቋቋም ብቃት እንደሚባል፣ ለብዙዎችም አርአያ እንደሚሆን በሚገባ አብራሩ። እማማ የያዙትን ቁልፍ ተክለው ጨረሱ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «ይቺ ልጅ ጉንፋን ይዟታል» አሉ። በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ሦስተኛ፣ ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ። የጥናት ሥነ ምግባር ኃላፊው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ስሜ ተጠቅሶ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልተጠቀሰም አልኩ። ድምፄ ተቀይሮ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ተቀይሯል አልኩ። «እንግዲያው በእኛ አሠራር ማንነትዎ አልታወቀም» አሉኝ። አማቴ እንዳወቁኝ ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እሳቸው ያወቁዎት በእኛ በኩል ሳይሆን በራሳቸው መንገድ ነው» ብለው፣ ሊፍቱ እንደተበላሸ ይቅርታ ጠይቀው፣ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ደረጃው ላይ ያቺን ተመራማሪ አገኘኋት። ክንዴን ይዛ «እንዳይተላለፍ ለምኜ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አልሰሙኝም» አለችኝ። አይዞሽ አልኳት። ማጽናናት ለምዶብኛል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ የቀረው ግን ቅሬታ ሳይሆን የሆነው ነገር ነው። አማቴ ዘንድ ሄድኩ። በሴት ልጃቸው ግቢ፣ ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንድቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝና «ለሬዲዮ የነገርሽውን ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። እናቱ ስለሆኑ ነው አልኳቸው። «በይ አሁን ንገሪኝ» አሉ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፣ የአንሶላውንም ጭምር፤ ዓይናቸውን ከተሰጣው ልብስ ላይ ሳይነቅሉ ሰሙኝ።

ስጨርስ «አሁንስ?» አሉ።

«አሁንም ምንም» አልኳቸው።

«እኔ እኮ ማታ ማታ ሳለቅስ፣ አንቺም በዚያኛው አልጋ ላይ የምታለቅሺ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «በዚያ ነበር የምጽናናው። ለካ ብቻዬን ነበርኩ።»

የተናገሩት በቁጣ አይደለም። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኝተውኝ፣ አንገቴን ነፋስ እንዳይመታኝ ነጠላዬን አጠባብቀውልኝ ተመለሱ። ወደ እኔ ቤት ግን አልመጡም፤ የሚመጡም አይመስለኝም። አልጋቸውን አንጥፌ ትቼዋለሁ። ያሉኝ ነገር እስኪያመኝ ድረስ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው። ሕመሙ እስካሁን አልመጣም። ከመጣ አሳውቅዎታለሁ፤ ለጥናቱ ሳይጠቅም አይቀርም።

አንድ ልመና ብቻ ቀርቶኛል። ዝግጅቱ በአድማጮች ጥያቄ እንደሚደገም በማስታወቂያ ሰምቻለሁ። የአድማጮችን ፍላጎት እንደምታከብሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያኛውም ቤት ሬዲዮ አለና፣ እኚያ አሮጊት ሁለተኛ እንዳይሰሙት ቢተውልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ለተቋምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመቅጃዎቻችሁም የማያልቅ ባትሪ እየተመኘሁ፣ ለዕውቀት ስትሉ ከቤቴ የወሰዳችሁት ሁሉ በመልካም እንዲቀመጥ በመለመን፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣

አርአያ የተባልኩት ልብስ ሰፊ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከተቋምዎ የስልክ መልእክት ደረሰኝ። በጥናቱ በመሳተፌ የተሰማኝን ደስታ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንድገልጽ በአክብሮት ይጠይቃል። ዜሮ ብዬ ላክሁ፤ ወዲያውኑ «የላኩት መልስ ትክክል አይደለም፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ምላሽ መጣልኝ። እየሞከርኩ ነው፣ ክቡር ሆይ።