ለወለላ ሳል አንድ ሲኒ ጦስኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ወለላ ዛሬም ስትስል ዋለች። ሦስት ቀኗ ነው። ትበላለች፣ ታመሰኳለች፤ ሳሉ ብቻ ነው ያስቸገራት። በግ ናት፤ ግን በዚህ ግቢ ስሟን ስጠራ የምትመጣልኝ እሷ ብቻ ናት። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ስለሆነ ፈርቻለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ደሴ አጥር ተደግፎ፣ "እታለም፣ ጤና አዳም ወቅጠሽ በአፍንጫዋ ጋቺያት፤ አባታችን እንዲያ ያደርግ ነበር" አለኝ። ጤና አዳም ያስወርዳል፤ ላረገዘች አይሰጥም። በአፍንጫ የፈሰሰ ነገርም ሳንባ ይገባል።
"የአባታችን በጎች ስንቶቹ ተረፉ?" አልኩት። ሳቀ።

ለእንስሳት ሐኪሟ ደወልኩ። "ቀጠን ያለ ጦስኝ አይጎዳትም፤ እንዳያበዙት ብቻ። ረቡዕ መጥቼ አያታለሁ" አለችኝ። በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጦስኝ በሁለት ሲኒ ውኃ አፈላሁ። አጠለልኩት፣ አቀዘቀዝኩት። አንዱን ሲኒ በከንፈሯ ጥግ፣ አንገቷን ወደ ላይ ሳላቀና፣ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት።

ማክሰኞ 4
ጠዋት አንድ ሲኒ። መስክ ላይ ስትውል አልሳለችም። በረት ስትገባ ጀመራት። ለምን?

ማታ ላይ ከጓሮዬ ጤና አዳም ሁለት ቅርንጫፍ ተቀንጥሶ አየሁ። በቀጥታ ደሴ ቤት ሄድኩ። ጋቢው ላይ አረንጓዴ እድፍ አለ።
"አንድ ጉንጭ ነው። እሱንም እላዬ ላይ ተፋችው" አለ። ጋቢውን አሸተትኩ፤ እውነቱን ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።
"ሳሏ አንጀቴን በልቶኝ እኮ ነው፣ እታለም።"
መቆጣት ፈልጌ አቃተኝ።

ረቡዕ 5፣ አቦ
ሐኪሟ መጣች። ደረቷን አዳመጠች፣ ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ በረት ውስጥ የምትበላውን ገለባ ከሥሩ ገለጠችው። ክረምት ያራሰው፣ ነጭ ሻጋታ የወረሰው!
"እማማ፣ የሚያስላት ይኼ ነው። ጦስኙ ጉሮሮዋን ያለሰልስላት ይሆናል፤ ይኼን ግን አያነሣም።"
አፈርኩ። መድኃኒቱን በሲኒ ስለካ መኖዋን ገልጬ አላየሁም። ደሴ፣ "የሲኒው ልክስ ልክ ነበር" አለ። ይበለኝ።
ስለ ጤና አዳሙም ነገርናት። እስከ ቅዳሜ ጠብቁ፤ ደም ካያችሁ ወይም መብላት ካቆመች ቶሎ ደውሉ ብላን ሄደች።

ሐሙስ 6
ደሴ ገለባውን ጠራርጎ አወጣ፤ ሳይጠየቅ እርጥብ ሣር አጭዶ አመጣ። ሁለት ጊዜ ብቻ ሳለች። ጦስኙን ተውኩት። ደም የለም፤ ትበላለች። ቅዳሜ ገና ነው።

አመሻሹ ላይ ጎኗን ስደግፍ ከውስጥ አንድ ነገር መዳፌን ረገጠኝ። ደሴን ተጣርቼ እሱም እንዲዳስስ አደረግሁ። መጀመሪያ ግን እጁን አስታጠብኩት፤ አሁንም ጤና አዳም ጤና አዳም ይላል።