የቀበርነው የፋሲካ መጽሐፍ

እሁድ፣ የአዳር ወር 5ኛ ቀን

ምኩራቡን ጠረግሁ። መብራቶቹን ወለወልኩ። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ ባልዲውን ወደ ግራ ገፋ አደረግሁት።

ከጸሎት በኋላ የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሮዘናው እንደ ልማዱ ለከፈኝ። "ፋይስት፣ ያ የቅድመ አያትህ መጽሐፍ አሁንም አለ? ወይስ ወደ ፊዩርት ገበያ ተመለሰ?" ሰው ሁሉ ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። ቅድመ አያቴ ፋይቡሽ በገዛ እጁ ብራና ላይ የጻፈው፣ በፋሲካ ማዕድ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ነው እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ፊዩርት ከተማ ገበያ ላይ ከአዟሪ የተገዛ ነው ይላል። ጥሩ ጥሩውን መልስ ሁሉ እቤት ገብቼ ለጊትል ነገርኳት።

"ይኼን እሱ ፊት ብትለው ምን ነበረበት?" አለችኝ። ሚስት ስትባል...

ማክሰኞ፣ አዳር 7

ደብዳቤ መጣ! ከፍራንክፈርት። ዶክተር ጉንድልፊንገር፣ በየመንደሩ ምኩራብ ሰገነት ላይ እየወጣ የድሮ የዕብራይስጥ መጻሕፍት የሚለቅመው ሰውዬ፣ እሁድ እመጣለሁ ብሏል። በድብቅ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። የኛ ሰገነት ላይ ሁለት መቶ ዓመት የተጠራቀመ ቅዳጅ አለ። የአምላክ ስም ያለበት ወረቀት አይጣል፣ አይቃጠል፤ ምን ይደረግ? ይከመራል።

ከዚያ አንድ ብልሃት መጣልኝ። መጽሐፌን ከሳጥኔ አውጥቼ ባሳየው ሮዘናው "ያው የገበያው" ማለቱ አይቀርም። ዶክተሩ ራሱ ሰገነት ላይ አግኝቶ የዚህ መንደር ነው ቢልስ? በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ወሸቅሁት። ጊትል አላየችም። ራሴን በጣም አደነቅሁ።

ረቡዕ፣ አዳር 8

ዶክተሩ ለሮዘናውም ጽፎለት ኖሯል። አስቸኳይ ስብሰባ።

"የፍራንክፈርት ዶክተር መጥቶ የአይጥ ኩስ ሊያይ ነው? ሰገነቱ ይጽዳ። አሮጌው ሁሉ በክብር ይቀበር።"

"አቶ ሮዘናው፣ ሰውየው የሚመጣው እኮ አሮጌውን ሊያይ ነው።"

"ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን ያጸዳል እንጂ ቆሻሻውን ያስጎበኛል?"

ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እነሱ ሰገነቱን ሲጠርጉ እኔን ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን እንዳሳይ ከኪሊያን ጋር ወደ መቃብሩ ላኩኝ። ኪሊያን ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው፤ መሬት የሚቆፍርልን እሱ ነው። ለመጽሐፌ ግን አልሰጋሁም። ከጭስ ማውጫው ጀርባ እንኳን ሰው ድመት አይገባም።

ሐሙስ፣ አዳር 9

ቀብሩ አማረ። አሥራ አንድ ጆንያ! የመጀመሪያውን ማን ይሸከም በሚል ሩብ ሰዓት ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ለእኔ ተሰጠኝ። ሠላሳ ዓመት ምኩራብ ያገለገለ ሰው ይገባዋል ተባለ። ዳዊት እየደገምን ሄድን። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እንባዬ መጣ... ስንት ሰው የጸለየበት ወረቀት ነው!

ኪሊያን ኮፍያውን አወለቀ። "ማን ነው የሞተው?"

"መጻሕፍት ናቸው" አልኩት።

"ነፍስ ይማር" አለ።

ዓርብ፣ አዳር 10

ጠዋት ሰገነት ወጣሁ። እጄን ከጭስ ማውጫው ጀርባ ሰደድኩ። ባዶ። እንደገና ሰደድኩ። ባዶ!

ሮዘናው ከታች ሆኖ ይኩራራል። "በደረቴ ተስቤ የጠረግሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንዲት የጨርቅ ጥቅል እንኳ አላስቀረሁም።"

እንግዲህ ዳዊት እየደገምኩ፣ እያለቀስኩ የቀበርኩት የገዛ መጽሐፌን ነው? ዶክተሩ ሲመጣ ምን ላሳየው ነው? ሮዘናው እኮ እስክሞት ይስቅብኛል። ከሞትኩም በኋላ ይስቃል።

ጊትል "ሳጥኑ ለምን ባዶ ሆነ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ" አልኳት። ውሸት አይደለም። ከአይሁድ መቃብር የበለጠ ደህና ቦታ የት አለ? ሰንበት ሊገባ ነው፤ ብዕሩን ላስቀምጥ።

እሁድ፣ አዳር 12

መጣ። አጭር ነው፤ መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍራም። ፋኖስና የሥራ ካፖርት ይዞ ነው የመጣው። መሰላሉን በአንድ ትንፋሽ ወጣው። ሮዘናው ከኋላው፣ ፊቱ በርቶ። እኔ ከሮዘናው ኋላ፣ ፊቴ... ተወው።

ዶክተሩ ፋኖሱን ወዲያ አዞረ፣ ወዲህ አዞረ። ወለሉ ያበራል።

"የታለ?"

"ምኑ?" አለ ሮዘናው።

"አሮጌው!"

"ቀበርነው። ለእርስዎ ክብር ስንል።"

ዶክተሩ መሰላሉ ራስ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ስጡኝ አለ። አሳዘነኝ። አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መጽሐፉን፣ ጨርቁን፣ ብልሃቴን። ጊትል ከታች ኬክ ይዛ ቆማ ኖሯል።

"ደህና ቦታ ያልከኝ መቃብር ነው? አንተ ሰውዬ!"

ሮዘናው ደግሞ ፈገግ አለ። "መቼም ፋይስት፣ ጎበዝ ነህ። አሁን መጽሐፉም የለም፣ የሚያየውም የለም። ማን ሊያስተባብልህ?"

የተቀበረ ጉድጓድ ይከፈታል አይከፈትም በሚለው ኬኩ እስኪያልቅ ተከራከርን። ለአውራጃው ረቢ ቴሌግራም ተላከ።

ሰኞ፣ አዳር 13። የአስቴር ጾም

መልስ መጣ። "ሊነበብ የሚችል መጽሐፍ አልሞተም። አውጡት። የቀበሩት አንድ ቀን ይጹሙ።"

"ዛሬ ሁላችንም ጾመኞች ነን፤ ለሁለቱም ይቆጠርልን" አለ ሮዘናው።

"አይቆጠርም" አለ ዶክተሩ። በጣም ደስ ብሎት ነው ያለው።

ኪሊያን አካፋውን ይዞ አየን። ሐሙስ ቀብረን ሰኞ እናወጣለን... ምን ይበል? "አይዟችሁ" አለ፣ "አልዓዛርም በአራተኛው ቀን ነው የወጣው።"

ዘጠነኛው ጆንያ ውስጥ ተገኘ። ጨርቁ ረጥቧል፤ ብራናው ግን ደህና ነው። ሳምኩት። ዶክተሩ ከእጄ ተቀብሎ ከመጨረሻው ገለጠው። "ጸሐፊ ስለ ራሱ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው" አለ። ኮቴን አስተካከልኩ። ሮዘናው አጠገቤ ነው። ዶክተሩ ጮክ ብሎ አነበበ፦

"እኔ የይቁቲኤል ልጅ ሚረል፣ በዚህ በመንደራችን፣ ይህን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው በእጄ ጻፍኩ። እጽፋለሁ ብሎ ቃል የገባው ባሌ ፋይቡሽ ነበር፤ ከፖም ዛፍ ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። አልተናገርኩም። ባሌ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አንብቦ አያውቅም፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ያገኘኸኝ አንባቢ ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።"

ኪሊያን "ምን ይላል?" ብሎ ጠየቀ።

"ከአዟሪ የተገዛ አይደለም" አለ ዶክተሩ ወደ ሮዘናው ዞሮ። "የዚሁ መንደር ነው፤ የዚሁ ቤተሰብ።" ሮዘናው ጢሙን ያዘ። አሸነፍኩ ማለት ነው። ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ ያፈርኩት?

ጊትል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኛለች። "ሠላሳ ዓመት እቤትህ የኖረ መጽሐፍ! መጨረሻውን አንድ ቀን እንኳ አላነበብከውም?"

ምን ልበል? በፋሲካ ማዕድ መጽሐፉ ሳያልቅ፣ አራተኛው የወይን ጽዋ ላይ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል። አባቴም እንደዚያው ነበር። የአባቴም አባት...

ማክሰኞ፣ አዳር 14። ፑሪም፣ የመጠጥና የሳቅ በዓል

ሮዘናው ጠጥቶ በሰው መሀል፦ "ፋይስት፣ የቅድመ አያትህ እጅ ዳነ?" እኔም ጠጥቼ ስለነበር ሳቅሁ።

ዓርብ፣ ኒሳን 23

የፋሲካ በዓል አለፈ፤ ብዕር መያዝ ተፈቀደ።

ዶክተሩ መጽሐፉን ለፍራንክፈርት ስጡን ብሎ ጽፎ ነበር። ጊትል አልፈቀደችም። "ስንት ዘመን አፏን ዘግታ የቆየች ሴትዮ ናት። አሁን ገና ማውራት ስትጀምር ልስደዳት?" ከፈለገ መጥቶ ይገልብጥ አለች። ይመጣል። አምስት ቀን እኛ ጋ ሊያርፍ ነው፤ ስለ ምግቡ ከአሁኑ ትጨነቃለች።

ለማዕዱ ሮዘናውን ጠራሁት። ይመጣል ብዬ አልነበረም፤ መጣ። አራቱንም ጽዋ ጠጣሁ። ዓይኔ ሲከደን ጊትል ከጠረጴዛው ሥር ትረግጠኛለች፤ እግሬ እስካሁን ያመኛል። መዝሙሮቹን ጨረስን። ቅጠሉን ገለጥኩ። የሚረልን ቃል በራሴ ድምፅ አነበብኩት፤ "ያገኘኸኝ አንባቢ" የሚለውን ሁለቴ ደገምኩት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሴትዮዋ ሰላም እያለችኝ ስንት ፋሲካ አንኮራፋሁባት?

ሮዘናው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሳይስቅ ነው የጠየቀኝ። "እንግዲህ በል፣ ማን ነው የጻፈው?"

"ቅድመ አያቴ ሚረል" አልኩ።

"ፋይቡሽስ?"

"ፋይቡሽማ ከዛፍ ወደቀ።"